የሚባዛ ማስታወቂያ ሒሳብ፦ ከቢቸና እስከ ሞጣ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ በሚያደርሰው መንገድ ላይ በሚገኙት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ወሬ ለብዙ ዘመናት የተጓዘው በገበያተኛ እግር ነበር። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን ጎስሞ ቃሉን የሚያሰማው በገበያ መካከል ነው። ቀሪውን ሥራ የሚሠራለት ጤፍ ሊሸጥ ወይም ጨው ሊገዛ የመጣው ገበሬ ነበር። ገበሬው ማምሻውን ወደ መንደሩ ሲመለስ የሰማውን ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱና በመንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ያደርሳል። ለዚህ አገልግሎቱ የሚከፍለው አልነበረም።

ዛሬ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ የሚሠራጨውና በተለምዶ «ቫይራል» የሚባለው ማስታወቂያ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ስሙ ከቫይረስ የተወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰሚው ራሱ ተሸካሚ ይሆናልና። በሬዲዮ የሚነገር ማስታወቂያ የሰሚው ቁጥር በጣቢያው ጉልበት የተወሰነ ነው። ተዛማች ማስታወቂያ ግን ከአስነጋሪው እጅ ከወጣ በኋላ ወይ በሰዎች እጅ ይባዛል፣ ወይ በሰዎች እጅ ይሞታል። የሚባዛውን ከሚሞተው የሚለየው ምንድን ነው? ብዙዎች መልሱን በቀልዱ ወይም በተዋናዩ ዝና ላይ ይፈልጉታል። እኛ ግን በፊዚክስ ትምህርት ላይ የምንገኝ ሰዎች እንደ መሆናችን መጠን ነገሩን በቁጥር ብናየው ብዙ የሚገለጥ ነገር እንዳለ እናምናለን።

አንዲት ቁጥር

«ይህን መልእክት ለ10 ሰዎች ላክ» የሚል ጽሑፍ ያልደረሰው የስልክ ባለቤት በአገራችን የሚገኝ አይመስለንም። ከስልክ በፊትም በእጅ እየተገለበጠ፣ ኋላም ፎቶ ኮፒ እየተነሣ ይዞር ነበር። እያንዳንዱ ተቀባይ ትእዛዙን ቢፈጽምና መልእክቱ ሁልጊዜ አዲስ ሰው ጋ ቢደርስ ኖሮ በስምንተኛው እርምጃ ብቻ 100 ሚሊዮን ሰዎች ይደርሳቸዋል። ይህም ኢትዮጵያን ለማዳረስ የሚቃረብ ነው። በተግባር ይህ የማይሆነው አብዛኛው ተቀባይ መልእክቱን ስለሚያጠፋው ነው።

እንግዲህ ሁለት መጠኖችን እናባዛ። የመጀመሪያው አንድ ሰው መልእክቱን ለስንት ሰዎች እንደሚያሳይ ነው። ሁለተኛው ካዩት መካከል ስንት እጁ መልሶ እንደሚያስተላልፈው ነው። ለ10 ሰዎች ተልኮ ከ10ሩ አንዱ ብቻ ቢያስተላልፈው ብዜቱ 1 ይሆናል። ይህችን ቁጥር «የመባዛት ቁጥር» እንላታለን። ከ1 ከበለጠች መልእክቱ እያደገ ይሄዳል፤ ካነሰች እየከሰመ ይሄዳል። 1 ደፍ ናት።

ይህ ደፍ ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም። አንድ የዩራኒየም 235 አቶም በኒውትሮን ተመትቶ ሲሰነጠቅ በአማካይ 2.4 ያህል አዳዲስ ኒውትሮኖችን ይለቃል። ከእነዚህ መካከል ከፊሉ ያመልጣል፤ ከፊሉ ሌላ ነገር ይውጠዋል። ሰንሰለቱ የሚቀጥለው በአማካይ ቢያንስ አንዱ ሌላ አቶም ሲሰነጥቅ ነው። ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ የኑክሌር ሰንሰለት ሲያስጀምሩ የመባዛት ቁጥሩ 1.0006 ገደማ ነበር። ከ1 በላይ የነበረችው ያቺ እፍኝ የማትሞላ ክፍልፋይ ሒደቱ ራሱን ችሎ እንዲሄድ በቂ ነበረች። ያለዚያች ክፍልፋይ ግን የቱንም ያህል ዩራኒየም ቢከመር የሚሆነው ነገር አልነበረም።

ለማስታወቂያ ግን ከ1 በታች መሆን ኪሳራ ብቻ እንዳይመስለን። አንድ ድርጅት ማስታወቂያውን በመጀመሪያ ለ1,000 ሰዎች አደረሰ እንበል። የመባዛት ቁጥሩ 0.5 ቢሆን ሁለተኛው ዙር 500፣ ሦስተኛው 250 እያለ ይቀጥልና ድምሩ 2,000 ላይ ይቆማል። 0.8 ቢሆን ድምሩ 5,000 ይሆናል፤ 0.9 ቢሆን ደግሞ 10,000። ከ0.8 ወደ 0.9 ከፍ ማለት ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱን ግን በእጥፍ ያሳድገዋል። ዱንካን ዋትስና ጆና ፔሬቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነበር፦ ተአምር ከመጠበቅ ይልቅ በብዙ ሰው ጀምሮ ቁጥሩን ወደ 1 ማስጠጋት ይሻላል።

ተአምሩ ብርቅ መሆኑን ጥናት አሳይቷል። ሻራድ ጎኤል፣ ዱንካን ዋትስና ዳንኤል ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በሰባት የተለያዩ የመረብ ሥርጭቶች ላይ የሚተላለፉ መልእክቶችን ተከታትለዋል። ያገኙት አብዛኛው ሥርጭት ከመጀመሪያው ሰው አንድ እርምጃ ርቆ እንደሚቆም ነው። ስለዚህ «ማስታወቂያህን ቫይራል አደርግልሃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ዝናብ ለመሸጥ ከሚዋዋል ሰው ብዙም አይለይም።

ሰሚውን ማሠራት

ቁጥሯን ከፍ ካደረጉት ዘመቻዎች መካከል የሆትሜይልን ያህል ቀላል የለም። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1996 ሲጀመር፣ ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ ደብዳቤ ግርጌ ነፃ የኢሜይል አድራሻ ከሆትሜይል ማግኘት እንደሚቻል የምትገልጽ አንዲት መስመር ትታከል ነበር። ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ ሳያስበው አስተዋዋቂ ሆነ። በአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ የተጠቃሚው ቁጥር በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሲሆን ማይክሮሶፍት ገዛው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በርገር ኪንግ የተባለው የምግብ ድርጅት ደግሞ የዶሮ ልብስ ለብሶ በካሜራ ፊት የቆመ ሰው አቀረበ። ተመልካቹ «ዝለል»፣ «ተቀመጥ» ብሎ ሲጽፍለት ያንኑ ይፈጽማል። የተቀረጹት ድርጊቶች አስቀድመው የተዘጋጁ ነበሩ፤ ተመልካቹ ግን ራሱ ያዘዘ መሰለው። ጓደኛውን ጠርቶ «እስኪ አንተም እዘዘው» እንዲል ያደረገው ይህ ተሳትፎ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በባልዲ የበረዶ ውኃ ራስ ላይ የማፍሰሱ ዘመቻ መጣ። ያፈሰሰ ሰው ሦስት ሰዎችን በስም ይጠራል፤ የተጠሩትም 24 ሰዓት ይሰጣቸዋል። በእኛ ሒሳብ ከሦስቱ ከአንድ በላይ እሺ ካለ ደፉ ታለፈ ማለት ነው። በስም የተጠራ ሰው በአደባባይ እምቢ ማለት ስለሚከብደው ደፉ በቀላሉ ታለፈ፤ በአሜሪካ የሚገኘው የኤ.ኤል.ኤስ. በሽታ ማኅበርም 115 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ። (ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ ለሚያመጣ ቤተሰብ አንድ ባልዲ ውኃ በራስ ላይ ማፍሰስ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ዘመቻ ከአገር አገር ሲዛወር እንዲህ ያለው ነገር መታሰብ አለበት።)

በአገራችን ወጣቶች ዘንድ ከተሠራጩት መካከል በ2016 ዓ.ም. በቴሌግራም የገባውን ሐምስተር ኮምባት የማያስታውስ ጥቂት ነው። የስልኩን መስታወት ደጋግሞ በጣት መንካት ነጥብ ያስገኛል፤ ጓደኛ መጋበዝ ደግሞ የበለጠ ነጥብ ያስገኛል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ተጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ 300 ሚሊዮን ተጫዋቾች እንዳሉት አስታወቀ። በሴፕቴምበር ነጥቡ ወደ ዲጂታል ገንዘብ ሲለወጥ ብዙዎች ያገኙት ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሆነ። ጨዋታው ለተጫዋቹ ጨዋታ ነበር፤ ለባለቤቶቹ ግን ተጫዋቹ ራሱ ያለ ደመወዝ የሚሠራበት ማስታወቂያ ነበር።

በዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር ለይተን ማስቀመጥ ይገባናል። ጓደኛ በመጋበዝ የሚሠራ ማስታወቂያ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። ነገር ግን መግቢያ ገንዘብ ከተከፈለበትና ትርፉ ከሚቀጥለው ገቢ ኪስ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ የፒራሚድ ሽያጭ ነው፤ ይህንንም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከልክሎታል። ሕጉን ለማያውቅ ሒሳቡ ይበቃዋል። እያንዳንዱ አባል አምስት ሰዎችን ማስገባት አለበት ቢባል፣ ፒራሚዱ በየትኛውም ቀን ቢቆም ከአባላቱ 80 በመቶ ያህሉ በመጨረሻው ረድፍ ላይ ይገኛሉ። ከበታቻቸው ማንም የለምና የከፈሉትን አያገኙም። የሰው ቁጥር ውሱን ስለሆነ መቆሙ ደግሞ አይቀርም።

የመረቡ ቅርጽ

እስካሁን ሰዎችን እንደ ኒውትሮን ቆጠርናቸው። ኒውትሮን ዘመድ የለውም፤ ሰው ግን አለው። መልእክቱን ለ10 ሰዎች የላከ የቢቸና ነዋሪ አብዛኛውን የሚልከው ለዕድሩ፣ ለጽዋ ማኅበሩና ለአብሮ አደጎቹ ነው። እነርሱም እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ አንዱ የላከውን ሌላው ቀድሞ አይቶታል፤ ወሬው በራሱ ላይ ይዞራል። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳመለከተው አዲስ ወሬ ከሠፈር ወደ ሠፈር የሚሻገረው በቅርብ ወዳጅ ሳይሆን በሩቅ ትውውቅ ነው። ዱንካን ዋትስና ስቲቨን ስትሮጋትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ጥቂት ረጃጅም ድልድዮች አንድን ሰፊ መረብ ምን ያህል እንደሚያሳጥሩት በሒሳብ አሳዩ።

ጎጃም እነዚህን ድልድዮች ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸዋል። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች የሚማር የቆሎ ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ነው ትምህርቱን የሚያደላድለው። አንድ ቦታ የተቀኘ ግሩም ቅኔ ሳይጻፍና ሳይታተም ሩቅ አገር የሚሰማው በዚህ ተማሪ ቃል ነው። ከመንደሩ ርቆ የማይሄድ ሺህ ሰው የማያደርሰውን አንድ ተጓዥ ተማሪ ያደርሰዋል።

የአሁኖቹ ድልድዮች የመኪና ሹፌሮች፣ ነጋዴዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በከተሞች የሚገኙት ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለረጅም ወራት ሲዘጋ ብዙ ነገር ቆሟል። ይሁን እንጂ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር የሚተላለፍ ፋይል ማማ አያስፈልገውም። የሚለወጠው የዙሩ ጊዜ ነው። ወሬ በሳምንት አንድ ጊዜ በሚውል ገበያ ብቻ ቢተላለፍና በእያንዳንዱ ዙር በእጥፍ ቢያድግ 1,000 ሰው ለማዳረስ ዐሥር ሳምንት ይፈጅበታል። በየ10 ደቂቃው በስልክ የሚተላለፍ ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበቃዋል። የመባዛት ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ለማጣራት ጊዜ ይሰጣል፤ ሌላው አይሰጥም።

ቁጣም ይባዛል

ዮና በርገርና ካትሪን ሚልክማን እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 7,000 የሚጠጉ የኒው ዮርክ ታይምስ ጽሑፎችን መርምረው ነበር። አንባቢ ለሌላ ሰው የሚልከው ልብን የሚቀሰቅሰውን ነው፦ መደነቅን፣ ቁጣን፣ ሥጋትን። የሚያሳዝነውን ግን ብዙም አይልከውም። የማስታወቂያ ሰዎች ይህን ያውቃሉና መደነቅን ይሻሉ። ቁጣ ግን ያው ጉልበት አለው፤ አዘጋጅም አያስፈልገውም። በ2006 ዓ.ም. በደሌ ቢራ የድምፃዊ ቴዲ አፍሮን የሙዚቃ ጉዞ ስፖንሰር ለማድረግ ከተስማማ በኋላ ቢራው እንዳይጠጣ የሚቀሰቅስ ዘመቻ በፌስቡክ ተነሣ፤ ድርጅቱም ከስምምነቱ ወጣ። ስለ ክርክሩ ፍርድ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የምናስተውለው ብዙ ገንዘብ የተመደበለት ማስታወቂያ ያለ ገንዘብ በተነሣ መልእክት መሸነፉን ነው።

የከፋው ግን ሌላ ነው። ሶሩሽ ቮሱጊ፣ ዴብ ሮይና ሲናን አራል እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በትዊተር በሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች የተሠራጩ 126,000 ያህል የወሬ ሰንሰለቶችን ተመልክተዋል። ሐሰተኛው ወሬ እንደገና የመላክ ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ። እውነቱ 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ የሐሰቱን ስድስት እጥፍ ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት በሞጣ ከተማ የደረሰውን ስናስብ ይህ ሁሉ ቁጥር ሥጋና ደም ይለብሳል። በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ በከተማዋ ከተሰማ በኋላ አራት መስጊዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም የጥቃቱ ሰለባ ሆኑ። ሞጣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ25,000 በላይ ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት። የሰማ ሁሉ በ10 ደቂቃ ውስጥ ለሦስት አዳዲስ ሰዎች ቢናገር ይህን ያህል ሕዝብ ለማዳረስ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃል። ለዚህ ፌስቡክ አያስፈልግም፤ አፍ ይበቃዋል።

ሬአክተር ኒውትሮን የሚውጡ የካድሚየም ዘንጎች አሉት። ወደ ውስጥ ሲገቡ የመባዛት ቁጥሩ ከ1 በታች ይወርዳል። በመልእክት መረብም እንዲህ ያለ ዘንግ ማስገባት እንደሚቻል ታይቷል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ለሆኑ ቦታዎች እንዳይተላለፍ ገደበ። በኤፕሪል 2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ቦታ ብቻ እንዲላክ አደረገ፤ የእንዲህ ያሉ መልእክቶች ዝውውርም በ70 በመቶ እንደቀነሰ አስታወቀ። ማንም ምን እንደተጻፈ አላነበበም፤ የተነካው ቁጥሩ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ መስማት የማይበቃው ነገር

የሞጣው ታሪክ በዚያ ዓርብ አላበቃም። በተከታዮቹ ቀናት መስጊዶቹን መልሶ ለመገንባት በአገር ውስጥና በውጭ አገር ገንዘብ የማሰባሰብ ዘመቻ በማኅበራዊ መረቦች ተጀመረ፤ ከሙስሊሞች ጋር ክርስቲያኖችም አዋጡ። ይህኛውም የተዛመተው ከሰው ወደ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ወሬ መስማትና ገንዘብ ማውጣት የተለያዩ ናቸው። ወሬን ለማመን አንድ ተናጋሪ ይበቃ ይሆናል። ከኪስ ብር ለማውጣት፣ ልጅን ለማስከተብ ወይም አዲስ ዘር ለመዝራት ግን ሰው የሚያውቃቸው ሁለት ሦስት ሰዎች አድርገውት ማየት ይፈልጋል።

ዴሞን ሴንቶላ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ሙከራ ይህን አረጋግጧል። 1,528 ሰዎችን በሁለት ዓይነት መረብ አደራጀ፦ በአንደኛው ጎረቤታሞች እርስ በርስ የተያያዙበት፣ በሌላው ግንኙነቱ የተበታተነበት። አንድን የጤና ጉዳይ አገልግሎት ለመመዝገብ የተስማሙት በተያያዘው መረብ 54 በመቶ፣ በተበታተነው 38 በመቶ ያህል ነበሩ። ለወሬ ድክመት የሆነው ቅርርብ ለድርጊት ብርታት ሆነ ማለት ነው።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ዶንኪ ቲዩብ በተባለው የዩቲዩብ ቻናል ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ለቀናት የተላለፈው የቀጥታ ዝግጅት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ያሰባሰበው በዚህ መንገድ ይመስለናል። ተመልካቹ የሰጠውን ሰው ስም ወዲያው ይሰማል፤ የሚያውቀው ሰው ወይም ድርጅት ሲሰጥ ያያል፤ ተራው የእርሱ እንደሆነ ይሰማዋል። ድርጅቶችም እግረ መንገዳቸውን ስማቸውን አስተዋወቁ። በዚህ የምንነቅፈው ነገር የለም።

እንግዲህ በቢቸና አዲስ የጤፍ መፍጫ የከፈተ ሰው ወይም በሞጣ ክትባት የሚያስተዋውቅ ጤና ጣቢያ ምን ያድርግ? አዲስ አበባ ለሚገኝ ዝነኛ ቲክቶከር ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ በአንድ ዕድር ውስጥ የሚገኙ ዐሥር እናቶችን ቢያሳምን ይሻለዋል ባዮች ነን። ዝነኛው ያስወራል፤ እናቶቹ ግን ያስደርጋሉ። ሳይፈቀድ ለማያውቁት ሰው ስልክ የሽያጭ መልእክት መላክን በተመለከተ ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚያስቀጣ ማወቅ ይበጃል።

ቁጥሯን ለመለካት ኮምፒዩተርም አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ማን ነገረዎት?» ተብሎ ይጠየቅና መልሱ ይጻፋል። ማስታወቂያውን አይተው የመጡት በአንድ ዓምድ፣ ከእነርሱ ሰምተው የመጡት በሁለተኛው፣ ከእነዚህኞቹ የሰሙት በሦስተኛው ይቀመጣሉ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ዓምድ 40፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛው 10 ቢሆን የመባዛት ቁጥሩ 0.5 ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ ድምሩ 80 አካባቢ ይቆማል። የሚቀጥለው ማስታወቂያ በተነገረ ማግሥት አዲስ ገጽ ተገልጦ ቆጠራው ከመጀመሪያው ዓምድ ይጀመራል።